የፉል ቤቷ አሰልጣኝ

ባለፈው መስከረም፣ ፋርማሲውን ገና ከፍቼ ሳልጨርስ ገበያው ደወለልኝ። ገበያው የልጅነት ቡድናችን በረኛ ነበር። ሲደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም።

«እታለም ሄደችልህ» አለኝ።

በእጄ የያዝኩትን ካርቶን መሬት አስቀመጥኩ። «ምን ሆና? ታማ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምን ታመመች! አገባች ነው የምልህ። ይፋግ ላለ ሰው። የሽንኩርት ገበሬ ነው። ፉል ቤቷን ዘግታ፣ ቡድኑን ለምናለ አስረክባ ሄደች።»

ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄ አላቆም አለኝ። የሐኪም ወረቀት ይዘው የቆሙ አንዲት እናት አዩኝና «ምነው ልጄ፣ መድኃኒቱ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«አለ እናቴ፣ አለ። አሰልጣኜ አግብታ ነው።»

«እሰይ! ይባርክላት» አሉ። አሰልጣኝ ሴት ትሆናለች ወይ ብለው አልጠየቁም። እኛ በኳስ ስንራኮት በነበረበት ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስሟ ፈንታነሽ ነው። ከታላቆቻችን ሁሉ ታላቅ ስለነበረች እታለም እንላት ነበር፤ በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ እታለም አላት። አጠር፣ ደንደን ያለች፣ ስትራመድ ከኋላዋ ሰው የሚያባርራት የምትመስል ሴት ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ታስረዋለች፤ ከሥሩ የስፖርት ሱሪ አለ። ጎል ሲገባብን አትጮህም፣ አትሳደብም። ሻሿን ፈትታ እንደገና ታስራለች። በመጀመሪያው ዓመት ያን ሻሽ ስትፈታና ስታስር ነው የከረመችው።

ኩዌት ብዙ ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከኳስ ሜዳችን አጠገብ፣ ፉል ቤት ከፈተች። ጎህ የሚባለው የሠፈር ቡድናችን ጠዋት ልምምድ ጨርሶ የሚሰፍረው እሷ ቤት ነው። እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ስለ ሽንፈታችን ስንነታረክ እሷ ፉሉን እያሸች ትሰማናለች። ከዚያ ሳናስበው ትገባበታለች።

«ለመሆኑ ሦስታችሁ አንድ ኳስ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ድንኳን ነው የምትተክሉ?»

በዚያ ዓመት አሰልጣኛችን የነበረው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ የተጫወትነውን ሁሉ ተሸንፈናል። የቡድኑ ሊቀ መንበር አያ ጥላሁን፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ መጨረሻ ከወጣን ቡድኑን እንደሚዘጉት በአደባባይ ተናግረዋል። አንድ ጠዋት እንዲህ ተኮራምተን ተቀምጠን ገበያው በቀልድ «እታለም፣ ይህን ያህል ካወቅሽ ለምን አታሠለጥኝንም?» አላት።

እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ማሻውን አስቀመጠችና እጇን ጠረገች።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትነሡ?» አለች።

ኳስ ያወቀችው እንዲህ ነው። ኩዌት የምትሠራበት ቤት አራት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ በረኛ ሲያጡ እሷን ያቆሟታል፤ ድስት ጥዳ በመሀል እየወጣች ኳስ ትመልሳለች። የመጨረሻው ልጅ ስልጠና ሲጀምር ደግሞ ወስዳ የምትመልሰው እሷ ሆነች። ከሰዓት በኋላ ልጁ እስኪጨርስ ሜዳው ዳር ትቀመጣለች። «ሌሎቹ ሠራተኞች ሲያወሩ እኔ አያለሁ» ትለን ነበር። «ሌላ የማየው ምን ነበረኝና?»

በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ሩጡ ትለናለች ብለን ጠበቅን። በክብ አቆመችንና ኳሱን ለገበያው ሰጠችው።

«ለማን ነው የምትሰጥ?»

«ለምናለ።»

«እንግዲያ ጥራው። ስም ሳትጠሩ ኳስ አትስጡ።»

እንደ ሕፃናት ጨዋታ መሰለን። እየተሽኮረመምን ስም እየጠራን ኳስ ስንቀባበል አረፈድን። መንገደኛው እየቆመ ያየናል። በኋላ ፉል እየበላን ነው ምክንያቱን የነገረችን። ኩዌት ስትገባ፣ ከእሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ይጠሯት ነበር። እመቤቲቱ አዲስ ስም መልመድ ሰልችቷታል። «በሰው ስም ስትጠሩ እግራችሁ ይከብዳል» አለች። «ትሄዳላችሁ እንጂ አትሮጡም። የመጨረሻው ልጅ አፉን ሲፈታ ‘ፈንታ’ ያለኝ ቀን፣ ያን ቀን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ነው የወጣሁት።»

ሌላው ትእዛዟ አንቱታ ማስቀረት ነበር። ምናለ፣ ዝምተኛው ረጅሙ ተከላካያችን፣ ጨዋ ልጅ ነው። እሷ ከእኛ ጋር ገብታ ስትጫወት «እታለም፣ ኳሱን ያቀብሉኝ» አላት።

«አንቱ ብለህ እስክትጨርስ ጎል ይገባል!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ አንቺ አልናት። ከሜዳ ስንወጣ ምላሳችን ሳይመለስ ቀረ። እናቴ አንቺ ስላት ሰምታኝ ልትቆነጥጠኝ ተነሥታ ታውቃለች።

ይህን ሁሉ ስናገር ወዲያው ማሸነፍ የጀመርን እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ በስድስት ጎል ተሸነፍን። እሷም ትሳሳታለች። ግራ እግረኛውን ቀኝ አቆመችው፤ በደስታ ሰዓት ዐረብኛ ታመልጣታለች፣ «ያላ! ያላ!» ስትል ተጋጣሚያችንም አብሮ ይሮጣል። አያ ጥላሁን ያን ቀን ከሜዳው ሲወጡ ሰው ሁሉ እየሰማ «እኔስ ብዬ ነበር፤ በላም አያርሱም!» አሉ።

እታለም ሻሿን እያሰረች «አያ፣ ላም ባትወልድ በሬውን ከየት ያመጡት ነበር?» አለቻቸው።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አያ ጥላሁንም ትንሽ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ግን ቶሎ ሰበሰቡት።

ሁሉም ነገር ግን በሳቅ አላለፈም። አንድ ጠዋት ስንመጣ የፉል ቤቷ በር ላይ ሰው በከሰል ጽፎበታል፤ «ወደ ማጀትሽ ግቢ» ይላል። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አይታወቅም። እሷ ቀድማን አይታው ነበር። ሰብሰብ ብለን ቆመን ስናነበው «ፊደሉ ያምራል እኮ» አለች። «ማን አስተማረው? እንደዚህ የሚጽፍ ሰው እንዴት ሥራ አጣ?»

ሳቅን። እሷ ግን ወደ ጓዳ ገባችና ቆየች። ዳቦ ልትቆርጥ እንደገባች አስመስላ ነበር፤ የቢላ ድምፅ አልሰማንም። ምናለ ከመሀላችን ተነሣ። ባልዲ ውሃና ብሩሽ ፈልጎ በሩን ይፈትግ ጀመር። ማንም አላዘዘው፤ ማንንም አልጠራ። ስትወጣ በሩ ረጥቦ፣ ምናለ እስከ ክርኑ ጠቁሮ አገኘችው። ፉሉን ስታቀርብለት እንቁላሉ ከሁላችንም በዝቶ ነበር፤ ገበያው ይህን እስከ ዛሬ ያማርራል።

ከሁሉ ይልቅ ለግጥሚያ ወደ አንበሳሜ ከተማ የሄድንበት ጉዞ ከአእምሮዬ አይወጣም። የአጨዳ ሰሞን ነበርና ግማሹ ልጅ ለወላጆቹ ሊያግዝ ገጠር ወርዷል። የተሳፈርንበት ቅጥቅጥ መንገድ ላይ ተበላሸ። ድንች የጫነ አይሱዙ ለምነን፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ለብሰን ደረስን። ሜዳ ስንገባ ዘጠኝ ነበርን። የአንበሳሜ ሰው ከገበያ መልስ ሜዳውን ከቦታል። «ሌሎቹን አይጥ በላቸው?» ይላል አንዱ። «አሰልጣኛቸው ማናት? የማን ሚስት ናት?» ይላል ሌላው።

ዕረፍት ስንወጣ ሦስት ለባዶ እየተመራን ነበር። ሣሩ ላይ ተዘረርን። አንድ ልጅ ጫማውን ፈትቶ ወረወረ፤ «እኔ ሁለተኛ አልገባም፣ መሳቂያ ሆንን» አለ። ሌሎቻችንም ያው ነበርን። ከማንም ጋር ዐይን ለዐይን መተያየት አቃተኝ።

እታለም መሀላችን ቁጭ አለች።

«ኩዌት የገባሁ ሰሞን» አለች፣ «እመቤቲቱ ጭልፋ አምጪ ብትለኝ የልብስ ካውያ ይዤላት ሄድኩ። በነጋታው ማንኪያ ስትለኝ ትራስ አመጣሁላት። እንግዶች ነበሩ። ሳሎን ሙሉ ሰው፣ እኔ ትራስ ታቅፌ ቆሜያለሁ።»

ጫማውን የወረወረው ልጅ ሳይወድ ሳቀ። «እና ምን አደረግሽ?»

«ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ለራሴ፣ በቀን አንድ ቃል አልኩ። አንድ ብቻ። ማታ ስተኛ አንድ አዲስ ቃል ካለኝ ያ ቀን የኔ ነው፤ የሳቀው ይሳቅ። እና እናንተንም ሦስት ጎል መልሱ አልላችሁም። አትችሉም። ግን እስካሁን አንድ ኮርነር እንኳ አላገኘንም። ሂዱና አንድ ኮርነር አምጡልኝ።»

«ኮርነር ብቻ?»

«ብቻ ትላለህ? መጀመሪያ አምጣው።»

ገባን። ስም እየተጠራራን፣ ዘጠኝ ሆነን ሜዳውን ስንሮጥበት የአንበሳሜ ሰው ስማችንን ለየ። «ምናለ! ከኋላህ ነው!» ብሎ አንድ ሽማግሌ ከዳር ሲጮህ ሰማሁ፤ የእነሱ ሰው ናቸው። ከብዙ ትግል በኋላ ኳሷ የእነሱን ተከላካይ ነክታ ከመስመሩ ኋላ ወጣች። ኮርነር! ተቃቀፍን፣ ተንከባለልን፣ ገበያው ከበሩ ድረስ ሮጦ መጥቶ ላያችን ላይ ወደቀ። እታለም እልል አለች። ዳኛው ጎል የተቆጠረ መስሎት ዞር ብሎ አየ። የአንበሳሜ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አጨበጨበ፤ ከዚያ እኛን መደገፍ ጀመረ።

አራት ለባዶ ተሸነፍን። ግን ስንመለስ አይሱዙው ላይ «ሦስት ኮርነር አለን!» እያልን ነው የዘፈንነው። ጫማውን የወረወረው ልጅ ነበር አውራጁ።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ነገር እንድናመጣላት ታዘን ነበር። አንድ ቀን፣ ዳኛውን ሳንጨቃጨቅ መዋል። አንድ ቀን፣ ኳስ ከምናለ እስከ አጥቂው ሳትቆረጥ ማድረስ። አንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳያስበው አሸነፍን፤ እሷም «ይህን እንኳ አላዘዝኳችሁም» አለች። እንዲህ እንዲህ እያልን የመጨረሻው ግጥሚያ ላይ ስንደርስ ግጥሚያውን ሁሉ ከጨረሰው ከመጨረሻው ቡድን ጋር በነጥብ እኩል ሆነናል። አንድ ነጥብ ካገኘን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን በጎል ዕዳ መጨረሻ ወጥተን ጎህ ይዘጋል። የምንገጥመው ደግሞ አንደኛ የሆነውን ቡድን ነው።

በዋዜማው ገበያው የእናቱን ጤፍ ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄደ። ንፋስ መጣና የብረቱ በር ጣቱ ላይ ተዘጋ። ቡድኑን እዘጋለሁ ሲሉ የከረሙት የአያ ጥላሁን በር ነው፤ የዘጋው በረኛችንን ነው። አያ ጥላሁን ራሳቸው አቅፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጣቱ ተሰብሯል። ከተማው ውስጥ «አውቀው ነው» የሚል ወሬ ሲነዛ እሳቸው የሚገቡበት ጠፋቸው።

ሌላ በረኛ አልነበረንም። እታለም ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችና ዐይኗ ምናለ ላይ ቆመ።

«እኔ አልችልም» አለ ምናለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እታለም፣ በእናትሽ። ሰው ሁሉ እያየኝ...»

«ሰው ሁሉ እያየህ አይደል የቤቴን በር ያጠብከው?»

ከፉል ቤቱ ጓሮ ግድግዳ ጋር አቆመችውና ከጆንያ ድንች እያወጣች ትወረውርለት ጀመር። «የያዝከው ወደ ጆንያው ይመለሳል፤ የሳትከውን ልጠህ ትከትፋለህ!» አለችው። ያን ዕለት ሁላችንም የበላነው ድንች ነው። ተርፎ ለጎረቤት ሄደ። ግን ወደ ማብቂያው ላይ የሚላጠው እየቀነሰ መጥቶ ነበር፤ ምናለም ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር።

በነጋታው ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። አያ ጥላሁን ከእኛ በኩል፣ ጣቱ በፋሻ ከታሰረው ከገበያው አጠገብ ቆመዋል። ስለ ጨዋታው ብዙ የምለው የለኝም፤ እነሱ ሲያጠቁ እኛ ስንከላከል ዋልን። ኳስ በምናለ እጅ፣ በምናለ ደረት፣ አንዴም በምናለ መቀመጫ ተመለሰች። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንዱ ልጃችን ኳስ በእጁ ነካ። ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ፤ የእነሱ አጥቂ ኳሷን ከበራችን ፊት ለፊት አስቀመጣት፣ ከምናለ በቀር የሚመልስ የለም።

«ምናለ!» ብላ ጮኸች እታለም። «ቁም! ዝም ብለህ ቁም!»

ምናለ እንደ ምሰሶ ቆመ። አጥቂው መታ። ኳሷ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል መሀል ለመሀል መጥታ የምናለን አፍንጫ አገኘችና ወደ ሰማይ ተወነጨፈች። ምናለ በጀርባው ወደቀ። ደም በደም ሆነ።

እታለም ሜዳ ገባች። አሰልጣኝ መግባት ክልክል ነው፤ ዳኛው ካርድ መዝዞ ተከተላት። «ስጠኝ፣ አንደኛህን ቀዩን ስጠኝ፤ ብቻ ልጄን ልየው!» እያለች አልፋው ሄደች። ነጠላዋን ፈትታ ደሙን ጠረገችለት።

ምናለ ዐይኑን ከፈተ። «ገባ?»

«አልገባም የኔ ጌታ። አልገባም።»

ባዶ ለባዶ አለቀ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን። ምናለን ባጃጅ ላይ ጭነን፣ ሌሎች ባጃጆች አስከትለን፣ ጥሩምባ እያስነፋን ከተማዋን ዞርናት። ሰው ከየሱቁ እየወጣ «ዋንጫ በላችሁ?» ይለናል። «ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆንን!» እንላለን። ዋንጫ የበላው ቡድን መንገድ ዳር ቆሞ አየን፤ ከእነሱም ሁለቱ መጥተው ተሳፈሩ።

በኋላ «ኳሷ መሀል እንደምትመጣ በምን አወቅሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቄ! ምናለ ከዘለለ እጁን እንደሚሰብር ነው የማውቀው።»

በማግሥቱ አያ ጥላሁን ፉል ቤት መጡ። ይቅርታ አላሉም። አንድ ሰሐን ፉል በልተው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለሚመጣው ዓመት አዲስ መለያ ያስፈልጋችኋል፤ ይሄ ተቀዷል» አሉ። እሷም «ቁጭ ይበሉ አያ፣ ዳቦ ልጨምርልዎ» አለች።

ከዚያ በኋላም ለዓመታት አሠለጠነች። እኛ አንድ በአንድ ለትምህርትም ለሥራም ስንበተን ታናናሾቻችን ተተኩ፤ ምናለ ብቻ ረዳቷ ሆኖ ቀረ። ዋንጫ በልታ አታውቅም። ቡድኑ ግን አልተዘጋም።

ባለፈው ጥቅምት ከአሮጌው ቡድን አምስት ሆነን ጠቦት ይዘን ይፋግ ሄድን። ባሏ አቶ እሸቴ የመጀመሪያ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዝግ ያሉ፣ ዐይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ፉል ቤቷ ድረስ ሽንኩርት ሲያመላልሱ ነው የተዋወቁት። ኳስ አይተው አያውቁም፤ የሁላችንንም ስም ግን ያውቁታል። አንድ በአንድ እየጠሩ ጨበጡን፤ ምናለ ላይ ሲደርሱ አፍንጫውን ትክ ብለው አዩ። ከብበናት ተቀመጥን፤ ሲሳቅና ሲበላ ተዋለ። በመሀል ገበያው፣ ያው እንደ ልማዱ ሳያለሳልስ፣ «እታለም፣ ያን ሁሉ ስድብ ችለሽ እዚያ ሜዳ ላይ የከረምሽው ለምን ነበር? ምን አገኘሽበት?» አላት።

ደጅ፣ ሜዳው ሁሉ ሽንኩርት የተተከለበት ነው፤ ወደዚያ አየች።

«ከዓረብ አገር ስመለስ» አለች፣ «ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። ሁሉም፣ ምን ይዘሽ መጣሽ ነው ያለኝ። አልፈርድባቸውም፤ ወጉ ነው። ያለኝን አካፈልኩ፣ አለቀ፤ የሚመጣም ሰው አለቀ። እናንተ ባለጌዎች ግን ፉሌን በልታችሁ ‘ነይና የምታውቂውን አሳይን’ አላችሁኝ። ያን ቀን ነው አገሬ የገባሁ።»

ምናለ አንገቱን ደፋ። እሷም ትሪውን ወደ እኛ ገፋ አድርጋ «ምን ታፈጣላችሁ? ብሉ እንጂ!» ብላ ተቆጣችን። አቶ እሸቴ ተነሥተው በየጽዋችን ጠላ ይሞሉ ጀመር።